ሁለተኛው ድንኳን

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሞላ ደብረ ብርሃን ውስጥ መስኮት የተባለ ሁሉ በራሱ ይከፈታል። የቤት፣ የቢሮ፣ የአውቶቡስ፣ የሙሽራ መኪና ሳይቀር። አስር ደቂቃ ሙሉ። መዝጋት አይቻልም፣ እጀታ የለውማ። በዚያ አስር ደቂቃ ከተማው በሙሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ አንድ ላይ ያማርራል። አውቶቡስ ላይ ከሆንክ ደግሞ ጨዋታው ሁሌም ያው ነው።

«ኧረ በብርድ ሊጨርሱን ነው እነዚህ ሰዎች!» ይላል ከኋላ አንዱ።

«አባቶቻችን እኮ መስኮት ዘግተው ነው የኖሩት!» ትላለች ሌላዋ።

«የሞቱትም ዘግተው ነው» ይላል ሦስተኛው።

ሁሉም ይስቃል፣ አስር ደቂቃው ያልቃል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ መንገዱን ይቀጥላል። እንዲህ መኖር ከተጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ቀኑ ህዳር 19፣ 2084 ዓ.ም. ነው። ይርገዱ ተረኛ ናት። ሥራዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ባትሪ መቀየር ነው፣ የምትገባው ግን ከምሳ በኋላ ስለሆነ ጠዋቷን ለእድሩ ሰጥታለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። «ይርገዱ» ስትባል አሮጊት ትመስላለች አይደል? በዚያ ዘመን ስሙ ሁሉ ተገለባብጧል። ናሆም፣ ሀሴት፣ ዮአብ ይባሉ የነበሩት ልጆች ሸምግለው በከዘራ ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸውን ደግሞ በቅድመ አያቶቻቸው ስም ጠሯቸው። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ «እማማ ሶልያና» አሉ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፤ «ህፃን ውድነሽ» አለች፣ ጥርሷ ገና ያልበቀለ።

ድሮ እድር ማለት ሰው ሲሞት የሚመጣ ነበር። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት። አሁን እድር የሚመጣው ሰው ሳይሞት ነው። እያንዳንዱ ቤት ከአልጋው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ጣት የምታህል ቆጣሪ ተሰቅላለች። ትንፋሽ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ተረኛው ስልክ ላይ ይመጣል፤ ከሃያ አምስት ካለፈ ተረኛው በር ያንኳኳል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደግሞ ብቻውን አይውጥም። አንድ የእድር አባል ፊት ለፊቱ ቆሞ ያያል፣ «ዋጠ» ብሎ ይመሰክራል፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ። ህዳር 12 ቀን፣ ድሮ ሰው ቆሻሻ አቃጥሎ ሰፈሩን ያጥንበት በነበረው ቀን፣ አሁን ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ ለክትባት ይሰለፋል። ጭስ የለም። መርፌ አለ።

እና የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት ድንኳን አለ።

አንደኛው ለማንኛውም ለቅሶ ነው፤ ሰው መቼም መሞቱ አይቀርም። ሁለተኛው ግን በ2061 ነው የመጣው፣ ሰው ሁሉ «የሳንባው ዓመት» በሚለው ዓመት። በዚያ ዓመት የሳንባ ምች ለመድኃኒት አልበገር አለ። ሰው ይውጣል፣ ትኩሳቱ አይወርድም፤ ይወጋል፣ ትንፋሹ አይመለስም። አንድ ቀን በዚህ ሰፈር ሁለት ሴቶች ሞቱ። አንዷ ሀሴት፣ የመድኃኒት ቤቱ የጋሽ ናሆም ሚስት። ሁለተኛዋ ኤልዳና፣ የይርገዱ እናት። ድንኳኑ አንድ ነበር። እስከ ቀትር ሰው ተሯሩጦ ሌላ ድንኳን አመጣና ኤልዳናን የሸኟት በአዲሱ ነው። ይርገዱ ያኔ አስራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የሸራው አዲስ ሽታ እስካሁን አፍንጫዋ ውስጥ አለ።

እድሩ ያኔ ተማማለ። በዚህ ሰፈር አስር ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በሳንባ ምች ካልሞተ ሁለተኛው ድንኳን ይቀደዳል። ሁለት ጊዜ ጀመሩ፣ ሁለቴም ተሰናከለ። ሦስተኛው ቆጠራ ከህዳር 30፣ 2074 ይጀምራል።

አስራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ይርገዱ ስልኳ ላይ ዝርዝሩን እያየች ወደ ታች ወረደች። ስልሳ አንድ አባል፣ ስልሳ አንድ ቁጥር። አስራ ስድስት፣ ሃያ፣ አስራ ዘጠኝ። የጋሽ ናሆም፣ አስራ ስምንት። ትናንትም አስራ ስምንት። ከትናንት ወዲያም። ወደ ቀደሙት ቀናት ተመለሰች። ከአምስት ቀን በፊት ሃያ ሁለት ነበር።

«በአምስት ቀን ጎረመሱ እንዴ?» አለች ለራሷ። ደግሞም ሳቀች፤ ሄዳም በራቸውን አንኳኳች።

ጋሽ ናሆም በሩን በግማሽ ከፍተው ቆሙ። ሹራባቸው አንድ ቁልፍ ተዛብቶ ተቆልፏል። በሁለት እጃቸው የበሩን መቃን ይዘዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ናሆም?»

«ደህና። ደህና ነኝ። ምን ፈለግሽ?»

ይህቺ ናት የመጀመሪያዋ ምልክት። ጋሽ ናሆም ይርገዱን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ባትሪ» ነው የሚሏት። «ባትሪ፣ ዛሬ ስንት አውቶቡስ አስነሳሽ?» «ባትሪ፣ እኔንስ ቀይሪኝ እስቲ።» ዛሬ ግን «ምን ፈለግሽ»።

ስልኳን አየች፣ አስራ ስምንት ይላል። ቀና ብላ ሰውየውን አየች። ትከሻቸው ይነሳል፣ ይወድቃል። ይነሳል፣ ይወድቃል።

እድሩ አባል ሲቀበል አንድ ነገር ያስተምራል። መሣሪያ ቢበላሽ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ዓይን አለ። ደረት እያዩ አንድ ደቂቃ መቁጠር። ግን ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ትንፋሹን ይቀይራል፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ወሬ እያወሩ ነው። አፍ ያወራል፣ ሆድ ይቆጥራል። ይርገዱ ደግሞ በዚህ የታወቀች ናት።

«ምንም አልፈለግሁም፣ እንዲሁ ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?»

ሦስት። አራት።

«ብርዱማ… ያው ብርድ ነው።»

ስምንት። ዘጠኝ።

«እማማ ሶልያና ትናንት በመስኮት ሰዓት ምን እንዳሉ ሰሙ? ‹እኔን በመስኮት ከምትገድሉኝ በበር አስወጡኝ› አሉ እኮ!»

አስራ አራት። አስራ አምስት። ጋሽ ናሆም አልሳቁም። በእማማ ሶልያና ነገር ስቀው የማይጠግቡት ጋሽ ናሆም።

«አትገቢም እንግዲህ… ሥራ አለኝ።»

ሃያ ሁለት። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍለው ነው የጨረሱት፣ መሃሉ ላይ አየር ፍለጋ ቆመው።

«እሺ ልሄድ ነው። ሻለቃስ እንዴት ነው?»

ሻለቃ በጋቸው ነው። ለድንኳኑ ቀን ይታረዳል ብለው በራሳቸው አፍ ለእድሩ ቃል የገቡት፣ ቀንድ የሌለው፣ ሆዳም በግ።

ጋሽ ናሆም ደነገጡ። በግልጽ ደነገጡ። ወደ ኋላቸው፣ ወደ ጓዳው፣ ዘወር ብለው አዩ።

«ሻለቃ… ምን አገባሽ ስለ ሻለቃ?»

ሠላሳ አራት። ደቂቃው ሞላ።

ይርገዱ ከዚያ በኋላ ፈቃድ አልጠየቀችም። «ይቅርታ ጋሼ» አለችና ክንዳቸውን ደግፋ አብራ ገባች። ቤቱ ታፍኗል። ሦስት ሰዓት ሆኗልና በራሱ የሚከፈተው መስኮት ተከፍቷል፣ ግን ውስጡ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆበታል። ከአልጋው በላይ ያለው ምስማር ባዶ ነው። የጓዳውን በር ገፋ አደረገችው።

ሻለቃ ቆሟል። ያመነዥካል። ከራሱ በላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ በጫማ ክር የታሰረች አንዲት ጣት የምታህል ቆጣሪ አለች። ሻለቃ በእርጋታ ይተነፍሳል። በደቂቃ አስራ ስምንት።

«አይ ጋሽ ናሆም!» አለች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። «አምስት ቀን ሙሉ እድሩ በግ ሲጠብቅ ነበር!»

ስትመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በአፋቸው ይተነፍሳሉ። ትኩሳት የላቸውም፣ ሳልም እምብዛም። ሽማግሌ ላይ እንደዚህ ነው የሚመጣው፣ ድምፅ ሳያሰማ፤ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ቤቱ ይዞርበታል፣ ዘመድ ደግሞ «ጃጀ» ይላል።

ጋሽ ናሆም ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ሌላ ሰው ነው ያየው።

«ሀሴትዬ» አሉ። «ቀስ በይ። እንዳይሰሙ።»

«ይርገዱ ነኝ ጋሽ ናሆም።»

«አስራ አንድ ቀን ነው የቀረው። እኔ ብሞት እርጅና ነው ይሉታል። ቆጣሪው አስራ ስምንት ካለ… ማን ይጠይቃል? የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፣ ይላሉ። ድንኳኑ ይቀደዳል።» እጇን ያዙ። እጃቸው ይቀዘቅዛል። «ያንን ድንኳን እኮ እኔ ነኝ ያስመጣሁባቸው። አራት ፍሬ እየሰጠሁ። ስድስት ፍሬ እየሰጠሁ። ሲሻላችሁ ተዉት እያልኩ። በሽታውን መድኃኒት መልመድ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ለኤልዳናም አራት ሰጠኋት… ከዚያ አንቺ ስትታመሚ መድኃኒቱ እምቢ አለ። ሀሴትዬ፣ እምቢ አለ።»

ይርገዱ እጇ በእጃቸው ውስጥ እንዳለ ቆመች። የእናቷን ስም በዚህ ቤት ትሰማለች ብላ አላሰበችም። በሌላኛው እጇ ስልኳን አነሳች።

«ሲስተር እማዋይሽ? ነይ ቶሎ። ጋሽ ናሆም፣ ሠላሳ አራት። አዎ፣ ቁጥሩ አስራ ስምንት እንደሚል አውቃለሁ፤ እሱ የበጉ ነው። የበጉ! በግ፣ አዎ! ስትመጪ ታያለሽ።»

በዚያ ዘመን ሆስፒታሉ ነው ወደ ሰው የሚሄደው። እማዋይሽ በስምንት ደቂቃ ውስጥ በሞተር ደረሰች፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማያልቅባት። ጣታቸው ላይ አንድ ነገር ቆነጠጠች፣ ጀርባቸውን አዳመጠች። ቀልዱ ቀረ።

«ኦክስጅናቸው ወደ ሰማንያ ስድስት ወርዷል። ቀኙ ታች ይንኮሻኮሻል፣ ደረቅ ገለባ እንደምትረግጪ። ራሳቸውንም አያውቁም።» አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አሰረች። «ክትባቱ በየዓመቱ ባይኖር ኖሮ ከትናንት ወዲያ ነበር የምንቀብራቸው። ቀጥ አድርገሽ ያዢያቸው።»

ይርገዱ ቀጥ አድርጋ ያዘቻቸው፣ እማዋይሽ በመዳፏ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገች፣ ጋሽ ናሆም ትንሽ የዛገ የሚመስል አክታ ተፉ። ጠብታዋ እማዋይሽ ይዛው ወደ መጣችው የምርመራ ሳጥን ገባች። ሳጥኑ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። የትኛው ተህዋሲ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይናገራል፤ ያለ እሱ ቃል በአገሩ አንድ ፍሬ አይከፈትም። እንዲህ የሚጣደፍ በሽተኛ ሲሆን ብቻ አንድ መርፌ ቀድሞ ይሰጣል። እማዋይሽ ከታሸጉት አዳዲሶቹ አንዱን ሰበረችና ወጋች።

በዚህ መሃል የእድሩ ዳኛ አቶ ዮአብ በከዘራቸው ደረሱ። ወሬው ቀድሟቸዋል። ጋሽ ናሆምን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ይርገዱን ወደ በረንዳው ጠሩ።

«ልጄ፣ አስራ አንድ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ የምለው… ወንድ ልጃቸው ደሴ አለ አይደል? ትልቅ ከተማ ነው። መኪና ላዘጋጅ። እዚያ ሄደው ቢታከሙ…»

«እዚያ ሄደው ቢሞቱ ይበሉ እንጂ።»

«አላልኩም!»

«በእነዚያ እድር ይቆጠራል ማለትዎ ነው። የእኛ ድንኳን እንዲቀደድ የደሴ ይተከል?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታጠብቂያለሽ!» አቶ ዮአብ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እናትሽ እኮ በዚያ ድንኳን ነው የወጣችው። ከማንም በላይ እንዲቀደድ የምትፈልጊው አንቺ መሆን ነበረብሽ!»

«እፈልጋለሁ። ጥርሴን ነክሼ ነው የምፈልገው። ግን አቶ ዮአብ፣ እዚያ ውስጥ አንድ ሰው አምስት ቀን ሙሉ ከእኛ ተደብቆ ሲሞት ነበር። ለምን ይመስልዎታል? ቁጥሩን እንዳያበላሽብን! እንዲህ ከሆነ ድንኳኑን ብንቀደውም ቆሟል።»

አቶ ዮአብ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ኮታቸውን አወለቁ።

«ተራ አውጪ» አሉ። «ሰው በየሰዓቱ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

ከውስጥ እማዋይሽ ጮኸች። «ይርገዱ! ነይ እስቲ ይህን አንብቢልኝ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ሳጥኑ ነው ያበደው?»

ሳጥኑ ላይ ሦስት ስም ተጽፏል፣ ከላይ ያለው በአረንጓዴ። አሞክሳሲሊን።

«የትኛው ነው እሱ?» አለች ይርገዱ።

«ያ ድሮው! ድሮ እንደ ከረሜላ ይሸጥ ነበር የሚሉት። ቀይና ቢጫው!» እማዋይሽ ሳጥኑን አጠፋችው፣ አብርታ ሁለተኛ ጠብታ አስገባች። አርባ ደቂቃ ቆመው ጠበቁ። ያው አረንጓዴ። «እኔ ይህንን በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም። ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ ነው የማውቀው፣ ‹መሥራት ያቆሙ› በሚለው ምዕራፍ።»

«እና አሁን እንዴት ሠራ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያለ ፈቃድ አልነካውም፣ ማንም ግማሽ አልዋጠም። ተህዋሲያኑ ረሱታ!» ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን ረጥቧል። «ስልሳ አንድ ሰው እየተያየ ስለዋጠ፣ ሌላውም ሰፈር እንዲሁ፣ አገሩም እንዲሁ… ረሱት!»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከዚያው ዘር የሆነ መርፌ፣ ከዚያ በኋላ እንክብሉ። እንዲህ ተባለ።

ሁለተኛው ቀን ግን ክፉ ነበር። ከቀትር በኋላ ትንፋሻቸው ሠላሳ ስምንት ገባ። ከንፈራቸው ጠቆረ። እማዋይሽ ኦክስጅኑን ከፍ አድርጋ ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም። እድሩ በየሰዓቱ ይገባል፣ ይወጣል። አንዱ ቀና አድርጎ ይደግፋል፣ አንዱ ጎን ያገላብጣል፣ አንዱ ውሃ በማንኪያ ያጠጣል። እማማ ሶልያና እንኳ በተራቸው መጥተው ትራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ተቀመጡ። ይርገዱ ቆጣሪዋን ከሻለቃ ፈትታ ምስማሯ ላይ ሰቅላታለች፣ ግን አላመነቻትም፤ በዓይኗ ትቆጥራለች። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ሰባት። አንድ ቀነሰ ብላ ለማንም አልተናገረችም፣ ፈርታ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤቱ ሞልቷል። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አቶ ዮአብ ተነስተው መስኮቱ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች እማዋይሽ።

«ብርድ እንዳይመታቸው ነዋ! ቢያንስ ዛሬ እንኳ—»

«ብርድ አይደለም እኮ የሚገድላቸው! የታፈነ ቤት ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ይነሱልኝ!»

ሰዓቱ ሞላ። መስኮቱ ተከፈተ። የደብረ ብርሃን ንፋስ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ምላጭ ነው። ክፍሉን አቋርጦ አልጋው ላይ ደረሰ። ከሦስት ብርድ ልብስ ስር የጋሽ ናሆም አፍንጫ ብቅ አለች። ዓይናቸው ተከፈተ። ጣራውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ መስኮቱን አዩ።

«በብርድ ሊጨርሱን ነው እነዚህ ሰዎች» አሉ።

«ባትሪ» አሉ ቀጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ይርገዱ አዙረው። «ምን ያስለቅስሻል? ይልቅ ዝጊው።»

«እጀታ የለውም ጋሽ ናሆም!» አለች ይርገዱ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ እየሳቀች። ቤቱ በሙሉ በጩኸት ተናጋ። እማማ ሶልያና እልል አሉ፣ ጥርስ በሌለው አፍ፣ ግን እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ከጓዳው ሻለቃም መለሰ።

ቁጥሩ ሃያ ስድስት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንክብሉ መጣ። ቀይና ቢጫ። ጋሽ ናሆም የመጀመሪያውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩት። ሃያ ሁለት ዓመት አላዩትም። ከዚያ ዋጡ፣ «ዋጡ» አለች ይርገዱ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አራተኛው ቀን ላይ ደረጃ ወጥተው ወረዱ። አምስተኛው ቀን ላይ እንጀራውን ጨርሰው ድገሙኝ አሉ።

የመጨረሻዋ ፍሬ ቀን ህዳር 25 ነው። ምስክሩ አንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ የመጡት አርባ ሦስት ናቸው። በረንዳው፣ አጥሩ፣ የጎረቤት ደረጃ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሟል። ጋሽ ናሆም እንክብሏን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆሙ።

«ከመዋጤ በፊት» አሉ፣ «አንድ ነገር አለኝ። ባትሪ። በዚያ ቀን ምን እንዳልኩሽ አላስታውስም። ግን እማዋይሽ ነግራኛለች፣ አፌ ብዙ አውርቷል። ስለ እናትሽ።»

ይርገዱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እውነት ነው። አራት ፍሬ ነው የሰጠኋት። ሃያ አንድ መዋጥ ነበረባት። አውቅ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠይቀኝ፣ እኔም መስጠት ለምጄ ነበር። ሰው ፊት ልናገረው ፈለግሁ።»

«ጋሽ ናሆም» አለች ይርገዱ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ፣ እንደ አስራ ሦስት ዓመት ልጅ። «ለእናቴ አይደለም የሰጡት። ለእኔ ነው። እኔን ነበር የላከችኝ፣ ‹አራት አምጪ፣ ከተሻለኝ ይበቃል› ብላ። መደርደሪያው ጋር በእግር ጣቴ ቆሜ፣ አራት ስጡኝ ያልኩዎት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ሃያ አንድ ብል ኖሮ› እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ጋሽ ናሆም አዩዋት።

«ልጅ ነበርሽ» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎም አላወቁም ነበር። ማንም አላወቀም። አሁን አወቅን።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይዋጧት እንግዲህ፣ ሰው ቆሟል!»

ዋጡ። አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አሳዩ፣ እንደ ሕጉ።

«ዋጠ!» አለ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ፣ አክብሮቱን እንኳ ረስቶ።

ህዳር 30 ጠዋት ሁለተኛው ድንኳን ከዕቃ ቤት ወጥቶ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። አልተተከለም፣ መሬት ላይ ነው የተዘረጋው፣ እንደ ተሸነፈ ነገር። ሽታው አርጅቷል፤ ይርገዱ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፣ ያ የድሮው አዲስ ሽታ የለም። ጋሽ ናሆም መቀሱን ያዙ ሲባሉ እምቢ አሉ፣ ለይርገዱ ሰጧት። እሷ አንዱን ጫፍ ቆረጠች፣ ከዚያ አንዱን ጎን ለእሳቸው አቀበለች፣ ሌላውን ራሷ ያዘች። ሳቡት። ሸራው ጮኸ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ከዚያ ሁሉም ገባበት፣ ሕፃን ሽማግሌው፣ እየሳበ፣ እየቀደደ፣ እየወደቀ፣ እየሳቀ። እማማ ሶልያና «ጥርስ ቢኖረኝ በጥርሴ ነበር የምቀደው» አሉ። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ከተማው ውስጥ መስኮት ሁሉ ተከፈተ፣ ያን ቀን ግን ማንም አላማረረም፤ ሰዉ ሁሉ ከቤት ውጭ ነበር።

በዚህ መሃል ጋሽ ናሆም ሻለቃን በገመድ ይዘው መጡ።

«ቃል ቃል ነው» አሉ። «ለድንኳኑ ቀን ብዬ ነበር። ቢላው የት አለ?»

ሻለቃ ሸራውን አሸተተ። ሰዉ ተያየ። አንድ ጎረምሳ ቢላውን ይዞ መጣ፣ ደርሶም ቆመ።

አቶ ዮአብ ከዘራቸውን አነሱ። «አንድ ጊዜ» አሉ በዳኛ ድምፅ። «ይህ በግ በእድራችን መዝገብ ውስጥ አምስት ቀን ትንፋሹ ተቆጥሯል?»

«ተቆጥሯል» አለች ይርገዱ።

«ተረኛ ጠብቆታል?»

«ጠብቆታል። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ጤነኛ ነበር።»

«እንግዲያው አባል ነው። ይህ እድር ደግሞ ትንፋሹን የቆጠረለትን ሰው አያርድም። ምስር ወጥ ነው የምንበላው። ተፈርዷል!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ናሆም ገመዱን ለቀቁና ከተቀደደው ሸራ አንድ ቁራጭ አንስተው ሻለቃ ጀርባ ላይ ጣል አደረጉ፣ ብርድ እንዳይመታው።

ይርገዱ ከምሳ በኋላ ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስልኳን አየች። ናሆም፣ ሃያ። ሶልያና፣ አስራ ዘጠኝ። ዮአብ፣ ሃያ አንድ። ወደ ታች ወረደች። ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ስልሳ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ አንድ ሰው አዲስ ስም አስገብቷል።

ሻለቃ፣ አስራ ስምንት።